ምስጥ የማይበላው መጽሐፍ

እህቴ ከሚኒያፖሊስ በሰው እጅ የላከችው ዕቃ ነጌሌ የደረሰውና ምስጥ የአባቴን የመጽሐፍ ሣጥን ከሥሩ በልቶ መጨረሱ የታወቀው በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ጊዜው የ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ነበር። ለበዓል ከአዲስ አበባ ወርጄ፣ ዶሮው ተበልቶ፣ እንግዳው ተሸኝቶ፣ አባቴ «እስቲ አንድ መጽሐፍ አውጪልኝ» ብሎኝ ሣጥኑን ከፈትኩ። ከላይ ያሉት መጻሕፍት በሥነ ሥርዓት ተደርድረዋል። አንዱን ሳነሣው ቀለለኝ። ሽፋኑ ሽፋን ነው፤ ጀርባውም ጀርባ ነው፤ ውስጡ ግን አፈር ሆኗል። ምስጥ ጨዋ ሌባ ነው፤ በሩን መልሶ ዘግቶ ነው የሚሄደው።

የእህቴ ዕቃ ደግሞ ከእጅ መዳፍ ጥቂት ሰፋ ያለ፣ ከአንድ ቀጭን ልብ ወለድ የማይከብድ ጥቁር ሰሌዳ ነው። የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ። በሺህ የሚቆጠር መጽሐፍ ይይዛል አሉ። አብሮት በመጣው ቁራጭ ወረቀት ላይ እህቴ በራሷ እጅ «አባዬ፣ ይኼን እንኳ ምስጥ አይበላውም» ብላ ጽፋለች። ስለ ሣጥኑ ገና አልሰማችም ነበር። የነጌሌ ልጅ ስለሆነች ብቻ ነው።

እውነቱን ልናገርና፣ ለእኔ ሰሌዳው የመጣው በሰዓቱ ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ አባቴ ብቻውን ነው የሚኖረው። የአንድ ዓይኑ ሞራ ተገፍፏል፤ ሌላኛው ወረፋ ይጠብቃል። አዲስ አበባ አብሮኝ እንዲኖር ከለመንኩት ሦስት ዓመት ሆኖኛል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሣጥኑስ?» ይላል። እኔ የምኖረው በኪራይ ቤት፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ነው። የእኔ መጻሕፍት ራሳቸው አልጋዬ ሥር ነው የሚያድሩት። እንግዲህ ምስጡም ሰሌዳውም እኔን ሊያግዙ የተላኩ መሰለኝ። ሣጥኑ የለም፤ ምትክ መጥቷል፤ አባቴ ተነሥ!

ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ አላለቀም።

ነጌሌ ቦረናን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ርቃ፣ ሐዋሳን፣ ሀገረ ሰላምን፣ ቦሬን፣ አዶላንና ዋደራን አልፎ፣ ደጋው አልቆ ቀዩ አፈር ሲጀምር የምትገኝ የሊበን ከተማ ናት። የታሪክ ጸሐፊዎች የሚያነሷት በአንድ ጉዳይ ነው። በጥር 1966 እዚያ የሠፈረው ጦር የምግቡና የውኃው ነገር መርሮት መኮንኖቹን አሰረ፤ ሊያነጋግር የተላከውን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም ይዞ ወታደሩ የሚቀምሰውን አስቀመሰው። የዘውዱ መንግሥት መፈታት የጀመረው ከዚያ የውኃ ጉድጓድ አፍ ነው የሚሉ አሉ። አባቴ የእንግሊዝኛ መምህር ሆኖ የተመደበው ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ለሁለት ዓመት ብሎ የመጣ ሰው፣ ይኸው አርባ ምናምን ዓመት ሆነው።

በኔ ልጅነት መጽሐፍ ወደ ነጌሌ የሚመጣው እንደ ጨው በጭነት ነበር። የአውቶቡስ ረዳቶች ከመርካቶና ከለገሃር አሮጌ መጻሕፍት በጆንያ ያመጡና ከመናኸሪያው ጀርባ ላለች አንዲት ሱቅ ያራግፋሉ። ባለሱቁ አይሸጥም፤ ያከራያል። በአዳር 50 ሳንቲም። መያዣ ከሌለህ የተማሪ መታወቂያ ወይም የታላቅ ወንድም ሰዓት ያስቀራል። መጽሐፉ በመቶ እጅ ስለሚያልፍ መጀመሪያ ሽፋኑ፣ ቀጥሎ መግቢያው፣ በመጨረሻም የመጨረሻዎቹ ገጾች ይሄዳሉ። እኔ ዕድሜዬ 15 እስኪሞላ ድረስ ያነበብኳቸውን ልብ ወለዶች መጨረሻ አላውቅም ብል ማጋነን አይደለም። ከጓደኞቼ ጋር ማታ ማታ ቁጭ ብለን «ታገባዋለች»፣ «አታገባውም» እያልን መጨረሻውን ራሳችን ነበር የምንጨርሰው። በኋላ አዲስ አበባ መጥቼ ሙሉውን መጽሐፍ ሳገኝ፣ አንዳንዱ ደራሲ ከእኛ ያነሰ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። (ስም አልጠራም።)

የቆላ ከተማ ለወረቀት ምቹ አይደለም። ሙቀቱ ሙጫውን ያላቅቀዋል፤ ገጹ አንድ በአንድ ይረግፋል። ቀዩ አቧራ ከማንኛውም ገጽ መሐል ገብቶ ያድራል፤ ነጌሌ ያደረ መጽሐፍ አዲስ አበባ ላይ ሲገለጥ ጠርዙን አይቼ መለየት እችላለሁ። ፍየሎቻችን ደግሞ ምሁራን ናቸው፤ ሜዳ የተረሳ ደብተር አያሳልፉም። የሁሉም አለቃ ግን ምስጥ ነው። ወደ ፊልቱ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ከሰው ቁመት በላይ ጭስ ማውጫ መስለው የቆሙት ኩይሳዎች የእሱ ቤቶች ናቸው። ትልልቆቹን ኩይሳዎች የሚሠራው የምስጥ ዘር የሚያመጣውን ደረቅ ነገር ሁሉ አኝኮ ከመሬት በታች ይከምርና በዚያ ላይ የራሱን ፈንገስ ያለማበታል፤ የሚመገበውም ያንኑ ነው። የአባቴ ግማሽ ሣጥን በዚህ ጊዜ ከቤታችን ወለል በታች የእንጉዳይ ማሳ ሆኗል ማለት ነው። የሣጥኑን እግሮች በየዓመቱ በተቃጠለ የመኪና ዘይት የምትቀባው እናቴ ነበረች። ካረፈች በኋላ ማንም አላስታወሰም።

ከተበሉት መጻሕፍት አንዱ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። ሙሉ በሙሉ አልተበላም። ከመካከሉ አርባ ያህል ገጽ እንደ ዋሻ ተቦርቡሯል፤ ከሥር ያሉት መስመሮችም በብዙ ቦታ የሉም።

ይህን ቅጂ የሚያውቅ የቤታችን ሰው ሁሉ ነው። «ኦሮማይ» በ1975 በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ወጥቶ ገበያ ላይ ብዙም ሳይቆይ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። አባቴ ቅጂውን ያገኘው ከመሰብሰቡ በፊት ለክረምት ሥልጠና አዲስ አበባ ሄዶ ሳለ ነው። ነጌሌ ደግሞ የጦር ሠፈር ከተማ ናት፤ ጎረቤት ሁሉ ወይ ወታደር ነው ወይ የወታደር ሚስት። አባቴ መጽሐፉን በቀን መቁጠሪያ ወረቀት ለብዶ በጀርባው ላይ በቀይ ቀለም «የእንግሊዝኛ ሰዋስው፣ 2ኛ መጽሐፍ» ብሎ ጻፈበት። ሰዋስው ማን ይሰርቃል? ለሚያምናቸው መምህራን ለአንድ ሌሊት ብቻ ያውስ ነበር፤ ሲነጋ ይመለሳል። ከአንባቢዎቹ አንዱ፣ እንደ አባቴ አባባል፣ መለዮ ለባሽ ነበር። ያ ሰው በገጹ ዳርቻ ላይ በእርሳስ ሁለት ቦታ «ልክ ነው» ብሎ ጽፎ መልሶለታል። ስሙን አባቴ እስከ ዛሬ ለእኛም አልነገረንም።

ከደርግ ውድቀት በኋላ መጽሐፉ በድጋሚ ታትሟል፤ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ማንም ያገኘዋል። ያ «ልክ ነው» ግን ያለው በአንድ ቅጂ ላይ ብቻ ነው። አንደኛውን ምስጥ በልቶታል። ሁለተኛው ተርፏል።

እዚህ ላይ አንድ ኃጢአቴን ልናዘዝ። በ2009 ቤቱን ስናጸዳ እናቴን አሳምኜ ሁለት ጆንያ የቆዩ መጽሔቶችና የአባቴን የማስተማሪያ ደብተሮች ለባለሱቅ በኪሎ ሸጬ ነበር። ቦታ ይዟል፣ ማን ያነበዋል፣ አልኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ገበያ ገብቼ ኦቾሎኒ ስገዛ የተጠቀለለበት ወረቀት የአባቴ ጽሕፈት ነበር። በሰማያዊ ቀለም፣ ቀጥ ባለ እጅ፣ ለተማሪዎቹ ያዘጋጀው ጥያቄ። ኦቾሎኒውን ኪሴ ገልብጬ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። ለአባቴ አልነገርኩትም። ስለዚህ ሰሌዳው ሲመጣ «ሣጥኑን እንርሳው» ለማለት የቸኮልኩት እኔ፣ ከማንም ይልቅ ለመናገር መብት ያልነበረኝ ሰው ነኝ።

ወደ ሰሌዳው እንመለስ። አሠራሩ፣ ያስረዱኝ ሰዎች እንዳሉት፣ ከስልክና ከቴሌቪዥን ይለያል። ከመስተዋቱ ሥር ከፀጉር ውፍረት የማይበልጡ ብዙ ሚሊዮን ጥቃቅን እንክብሎች አሉ፤ በየእንክብሉ ውስጥ ነጭና ጥቁር ብናኝ ይንሳፈፋል። ኤሌክትሪኩ ጥቁሩን ወደ ላይ ሲስብ ፊደል ይሆናል፤ ነጩን ሲስብ ባዶ ገጽ ይሆናል። ገጽ ካልተገለጠ ኃይል አይፈጅም ለማለት ይቻላል፤ አንድ ጊዜ የተሞላ ባትሪ ሳምንታት የሚቆየው ለዚህ ነው። መብራት ሄዶ ሦስት ቀን በሚቀርበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የፀሐይ ብርሃንም አያደበዝዘውም፤ እንዲያውም እንደ ወረቀት ያደምቀዋል።

ይህን ለጎረቤታችን ለሽማግሌው ሳስረዳ ሳቁብኝ። የልጅ ልጆቻቸው ቁርዓን የሚቀሩበትን የእንጨት ሉህ ከግድግዳው አውርደው አሳዩኝ። ልጁ በከሰል ቀለም ትምህርቱን ይጽፍበታል፤ በቃሉ ሲይዘው ያጥበዋል፤ ነገ በዚያው እንጨት ላይ ሌላ ይጻፋል። «ያንቺም ያው ነው» አሉኝ። «ልዩነቱ የእኛው ሲታጠብ ነገሩ ልጁ ውስጥ ቀርቷል።» እኒህ ሰው እናታቸው ቦረና ናቸው። ቦረናዎች በየስምንት ዓመቱ ጉሚ ጋዮ ላይ ተሰብስበው ሕጋቸውን ከቃል አውጥተው የሚያውጁ፣ አባ ገዳዎቻቸውን ወደ ኋላ በመቶዎች ዓመታት የሚቆጥሩ ሕዝቦች ናቸው። በወረቀትና በሰሌዳ መካከል ስላለው ጭቅጭቅ ምን ያህል እንደማይጨነቁ ከፊታቸው አነበብኩ።

እኔ ግን ተጨነቅሁ። ሰሌዳውን ስከፍት መጀመሪያ የጫንኩበት የአማርኛ ጽሑፍ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ወጣ። ከዳር እስከ ዳር የተደረደረ ባዶ አራት ማዕዘን። ምልክቱን አልጠራም፤ አንዱን ከሌላው መለየትም ያዳግታል። አንድ የኦሮምኛ መጽሐፍ ስጭንበት ግን እንደ ውኃ ወረደ። የሱማሌኛውም እንዲሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሱማሌኛ ከ1965፣ ኦሮምኛ ደግሞ ከ1984 ጀምሮ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ ሰሌዳውን የሠሩት ሰዎችም ያንን ፊደል ያውቁታል። እንግዲህ ነጌሌ ገበያ ላይ ከሚነገሩት ከሦስቱ ቋንቋዎች ሁለቱን አውቆ የቀረው አንዱ፣ ለዘመናት መጽሐፍ ሲጻፍበት የኖረው ፊደል ነበር! አንድ ጊዜ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ሳቄ ጠፋ።

ኮምፒዩተር ቤት የሚሠራ አንድ ወጣት ረዳኝ። የግዕዝ ፊደል የዓለም ኮምፒዩተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ስለዚህ ችግሩ የፊደሉ አለመመዝገብ አይደለም፤ ሰሌዳው የፊደሉን ቅርጽ ይዞ አለመምጣቱ ነው። ልጁ «ኖቶ» የተባለውን ነፃ ፎንት ከነፋይሉ አሽጎ ጫነልኝ። ሣጥኖቹ አንድ በአንድ ፊደል ሆኑ። ሀ፣ ለ፣ ሐ። ስሜቱን እዚህ ብገልጸው ልጅ ያስመስለኛል።

ይሁን እንጂ ደስታዬ አጭር ነበር። ሰሌዳው የሚያሳየውን አገኘን፤ የሚነበብ ነገር ግን የለም። በየቴሌግራሙ የሚዞሩት የአማርኛ መጻሕፍት አብዛኞቹ በስካነር ወይም በስልክ ካሜራ ገጽ በገጽ የተነሡ ፎቶግራፎች ናቸው። ፎቶግራፍ ፊደሉ ብቻውን አይተልቅም። ለደከመ ዓይን ላተልቅ ስትል ገጹ በሙሉ ይተልቅና ከመስኮቱ ይወጣል፤ አንድ መስመር ለማንበብ ወደ ግራ ወደ ቀኝ መጎተት ነው። ለአባቴ ዓይን ሰሌዳው የሚሰጠው ዋናው ጥቅም ፊደል ማተለቁ ነበር፤ እሱው ቀረ። የድሮ የኮምፒዩተር ጽሑፎችም አሉ፤ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተተየቡ፣ ዛሬ ሲከፈቱ የቁልፍ ሰሌዳ ላይ ድመት የተራመደች የሚመስሉ። በዚያን ጊዜ ተተይቦ በዲስክ የቀረ ስንት ሥራ እንዳለ ሳስበው ምስጡን ይቅር ልለው ምንም አልቀረኝ።

ከዚያም ቢሆን የቴሌግራሙ መጽሐፍ የተሰረቀ ነው። ይህን ለማለት የሕግ ሰው መሆን አያሻም፤ ሕጉ ግን አለ፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996። ደራሲው ዓመታት ጽፎ፣ ከማተሚያ ቤት ተበድሮ ያሳተመውን መጽሐፍ አንድ ሰው በአንድ ቀን ፎቶ አንሥቶ ለሺዎች ይበትነዋል። በሌላ በኩል ደግሞ አንባቢውን ተመልከቱት። ወረቀት ከውጭ በዶላር ነው የሚመጣው፤ በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። የመጽሐፍም ዋጋ ተከትሎት ወጣ። ነጌሌ ያለ መምህር ከደመወዙ ቀንሶ መጽሐፍ ይግዛ ብዬ ለመፍረድ አፌ አልደፍርም። እኔ ራሴ ከዚያ ቦታ አውርጄ አላውቅም ብል እዋሻለሁ። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ በተዘጋባቸው ሳምንታት ያነበብኩት ቀድሜ ያወረድኩትን ነው፤ ደራሲዎቹን ቆይቼ ወረቀቱን በመግዛት ከፍያቸዋለሁ፤ ሁሉንም ግን አይደለም።

«እንግዲያው በሕጋዊ መንገድ ግዢ» ይለኝ ይሆናል አንባቢ። ሞከርኩ። የኤሌክትሮኒክ መደብሩ የሚቀበለው የውጭ ካርድ ነው፤ ሰሌዳውም በእህቴ ስም የተመዘገበ ነው። ለመግዛት ሚኒያፖሊስ መደወል ነበረብኝ። ያኔ ነው የውሉን ቃል ማንበብ የጀመርኩት። እዚያ ገንዘብ ስትከፍል መጽሐፉን አትገዛም፤ የማንበብ ፈቃድ ነው የምትገዛው። ማውረስ፣ ለጎረቤት ማዋስ፣ መልሶ መሸጥ የለም። ነገሩ የወረቀት ላይ ቃል ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 አማዞን የተባለው ኩባንያ ያለ መብት የተሸጡ ናቸው ብሎ ሁለት የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍትን ከገዢዎች ማንበቢያ ላይ በሩቅ ሆኖ አጠፋቸው። ገንዘቡን መልሷል፤ ይቅርታም ጠይቋል። ከሁለቱ አንዱ መንግሥት የማይፈልገውን ጽሑፍ እያቃጠለ ስለሚኖር አገር የተጻፈው «1984» መሆኑን ስትሰሙ ቀልድ ይመስላል። በ2019 ደግሞ ማይክሮሶፍት የመጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ የተገዙት መጻሕፍት በሙሉ አብረው ተዘጉ።

ይህን ለአባቴ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «እኛ ቤት ግን መምጣት ነበረባቸው» አለኝ። በ1976 ማለቱ ነው። «ኦሮማይን ለመውሰድ ሰው መላክ፣ በር ማንኳኳት፣ ሣጥን መክፈት ነበረባቸው። የሰዋስውን መጽሐፍ ደግሞ ማንም አልከፈተውም።»

የምሥራቹን የነገረችኝ እህቴ ናት። «ኦሮማይ» በዚሁ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2025፣ በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ተተርጉሞ በእንግሊዝኛ ወጥቷል፤ በኤሌክትሮኒክም ይሸጣል። ገዛችው፤ እዚያ ስትጫነው እዚህ ወረደ። የሰማዩን መንገድ ለአንድ አፍታ አደነቅሁ፤ ከአዶላ እስከ ነጌሌ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ይረዳኛል። እንግዲህ ሁኔታው ይህን ይመስላል፦ በአማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ፣ በአማርኛ ሣጥኑ ውስጥ ተበልቶ፣ አባቴ ሊያነበው በሚችለው ትልቅና ጥርት ባለ ፊደል የቀረበለት በእንግሊዝኛ ነው።

ቅር ይለዋል ብዬ ነበር። አባቴ ግን የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ፊደሉን የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያክል አተለቀው፤ በአንድ ገጽ ላይ ጥቂት መስመር ብቻ ይቀራል፤ ግድ አልሰጠውም። መብራቱ በሄደበት ማታ፣ ሰሌዳው የራሱ ብርሃን ስላለው፣ ፊቱ ላይ ሰማያዊ ነገር አርፎበት እስከ እኩለ ሌሊት አነበበ። ከሞራው ወዲህ እንዲህ ሲያነብ አላየሁትም። በየመካከሉ ይቆምና ጮክ ብሎ «አይ፣ እዚህ ላይ እንዲህ አይልም!» ይላል፤ ከአርባ ዓመት በፊት ያነበበውን አማርኛ በቃሉ ይዞት ኖሯል። አንድ ጊዜ ደግሞ ለራሱ «ይኼስ አምሮበታል» ሲል ሰማሁት።

በበነጋው ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቀኝ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ያወቅሁት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ምስጥ የበላቸውን ገጾች ከእንግሊዝኛው እየፈለገ፣ ወደ አማርኛ እየመለሰ በእጁ ይጽፋል! በገጹ ልክ በተቆረጠ ወረቀት፣ የገጹ ቁጥር ከላይ ተጽፎበት፣ ወረቀቱ በተቦረቦረው ቦታ ይገባል።

«አባዬ፣ አዲስ አበባ እኮ ሙሉው አለ። ስመለስ እልክልሃለሁ» አልኩት።

«ላኪልኝ» አለ። «እስከዚያ እኔ ምን ልሥራ?»

ጉዞዬ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ስለ ሣጥኑ ሳላነሣ እንዳልሄድ ብዬ፣ ከማታ ቡና በኋላ ጀመርኩ። የተረፉት ሠላሳ ሁለት መጻሕፍት ናቸው፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። ሠላሳ ሁለት መጻሕፍት አልጋዬ ሥር ይገባሉ፤ ሌላው በሰሌዳው ላይ ይሆናል፤ የቀረውን ዓይንህንም እዚያው እናሳክማለን፣ አልኩት። ሰሌዳውን አገላብጦ አየው። «ይኼ ለኔ ዓይን ጥሩ ነው፤ አልዋሽም» አለ። ቀጥሎ ያላሰብኩትን ጠየቀኝ። «በዳርቻው ላይ የሚጻፈው በየት በኩል ነው?»

አሳየሁት። መስመሩ ላይ ጣትህን ታሳርፋለህ፤ ትንሽ ሳጥን ይከፈታል፤ እዚያ ትጽፋለህ። የመጻፊያው ፊደል ግን ላቲን ብቻ ሆነ፤ ኮምፒዩተር ቤት ያለው ልጅም ለዚህ መላ አላገኘለትም። አባቴ በላቲን ፊደል አማርኛ ለመጻፍ ሁለት ቃል ሞክሮ፣ ተማሪው እንዳጠፋ መምህር አንገቱን ነቀነቀና ተወው።

ስለ መሄዱ «ዝናቡ ይለፍና» አለኝ። ከእንቢታ የተሻለ ነው።

አዲስ አበባ እንደገባሁ አዲሱን የ«ኦሮማይ» እትም ገዝቼ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ላክሁለት። በሳምንቱ ደወለ። የራሱን ትርጉም ከበዓሉ አማርኛ ጋር እያስተያየ ነበር። «አሥራ ሰባት ቦታ በልጦኛል» አለ፤ ቆየት ብሎ «አንድ ቦታ ላይ ግን እኔ ነኝ የምሻል» ብሎ ሳቀ። የእጅ ጽሑፉን ከአሮጌው ቅጂ አውጥቶ እንደሆን ጠየቅሁት። አላወጣም።

በሰኔ ስሄድ ሣጥኑ በአራት የቆርቆሮ ጣሳ ላይ ቆሟል፤ በየጣሳው ውስጥ የተቃጠለ ዘይት አለ። ሰሌዳው ከላዩ ተቀምጧል። መክደኛው አልገጥም ብሎ ተነፍቷል። ስከፍተው ከመክደኛውና ከመስተዋቱ መካከል በትንንሹ የተቀደደ የደብተር ወረቀት ተደርድሯል፤ በየወረቀቱ ላይ ምዕራፉ ተጠቅሶ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ቀጥ ባለ እጅ ተጽፎበታል። አንደኛው ላይ ሁለት ቃል ብቻ ነው ያለው።

«ልክ ነው» ይላል።